47 ኮመንት መጣልኝ፦ ቁጭ ብዬ ልመልስ ወይስ «በ72 ሰዓት እናትማለን» ወደሚለው ልሂድ?

ጀማሪው_መምህር | ጥቅምት 8

ሰላም ለቤቱ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ጻፍኩ።

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና መምህር ነኝ። የማስተርስ ጥናቴን አሳጥሬ፣ ለጆርናል እንዲሆን አድርጌ ላክሁ። ርዕሱ እናቶች ከወለዱ በኋላ ለምን ለክትትል እንደማይመለሱ ነው፤ ናሙናው 422 እናቶች። የመጀመሪያው ጆርናል በአራተኛው ቀን መለሰልኝ፣ ለገምጋሚ እንኳ አላሳለፈውም። ሁለተኛው አምስት ወር አስጠብቆኝ ትናንት ሌሊት ደብዳቤ ላከ፦ «ሜጀር ሪቪዥን»፣ በደንብ አሻሽለህ መልሰህ ላክ ማለት ነው።

አንደኛው ገምጋሚ 9 ኮመንት ጽፎ አመስግኖኛል። ሁለተኛው 38! «ይህ ጥናት አዲስ የሚነግረን ምንድን ነው?» ብሎ ነው የሚጀምረው። የናሙና አወሳሰዱን አብጠልጥሎታል። እንግሊዝኛው ይስተካከል ይላል። አምስት ጽሑፎችን ጥቀስ ብሎ ዘርዝሯል፤ ብፈትሻቸው አምስቱም የአንድ ሰው ናቸው። አንዱ ኮመንት ደግሞ ጭራሽ አልገባኝም፦ «መረጃው የተሰበሰበው የሥነ ምግባር ፈቃድ ከመሰጠቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ ነው፤ ደራሲዎቹ ያስረዱ» ይላል። እንዲህ ያለ ነገር የለም! ፈቃድ ሳልይዝ አንድ መጠይቅ እንኳ አላስሞላሁም።

በዚሁ ሳምንት ሌላ ኢሜይል መጣ። «ውድ የተከበሩ ፕሮፌሰር» ይለኛል (ሌክቸረር ነኝ)። በ72 ሰዓት ገምግመን፣ በሳምንት እናትማለን፣ ክፍያው 180 ዶላር ነው ይላል። የእድገት ማመልከቻ የሚዘጋው ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ለሪቪዥኑ የተሰጠኝ 45 ቀን ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ወደ 180 ዶላሩ እያደላ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

---

ባለ384 | ጥቅምት 8

መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። «ሜጀር ሪቪዥን» እኮ በሩን ገርበብ አድርገው ተዉልህ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ 422! የአገራችን ቅዱስ ቁጥር! 50 በመቶ ስርጭት፣ 95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 5 በመቶ የስህተት ወሰን፣ 384 ወጣ፤ 10 በመቶ ለማይመልሱት ጨምር፣ 422። ስሜን ከየት ያመጣሁት ይመስልሃል? የእኔ ገምጋሚ «ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው የሚቆጠረው እስከ 422 ብቻ ነው ወይ» ሊለኝ ምንም አልቀረው።

---

ከኡፕሳላ | ጥቅምት 9

ወንድሜ፣ እስቲ ተረጋጋ። እኔ ለተለያዩ ጆርናሎች እገመግማለሁ፣ ያንተን ዓይነት ጽሑፍ በየጊዜው ይደርሰኛል። 38 ኮመንት የጻፈ ገምጋሚ ጽሑፍህን ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው ነው። ሊጥለው የፈለገ ሦስት መስመር ጽፎ ይገላገላል። እኔስ ያሳሰበኝ ያ 9 ብቻ ጽፎ ያመሰገነህ ነው።

ስለ ስምንት ዓመቱ፣ ጽሑፍህን ሳላይ ልገምት? ዳታውን የሰበሰብከው መጋቢት 2014 ነው። እንግሊዝኛው ላይ «ማርች 2014» ብለህ አለፍክ። የፈቃድ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ግን በፈረንጅ 2022 ነው። እሱ የሚታየው እንግዲህ ፈቃድ ሳይኖር ስምንት ዓመት ቀድሞ ሰው ቤት የገባ ተመራማሪ ነው። ለእኛ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ጽሑፉን የሚያስጥል ጥፋት ነው። ቀኖቹን በሙሉ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ቀይር። መልሱ ላይ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳ፣ የደብዳቤውን ስካን አያይዝ። አለቀ።

ስለ ናሙናው እውነቱን ነው። 384 የሚያወጣው ቀመር እያንዳንዷ እናት ከአንድ ዝርዝር በቀጥታ በዕጣ ስትወጣ ነው የሚሠራው። አንተ ግን መጀመሪያ ቀበሌዎችን፣ ከዚያ እናቶችን መርጠህ ከሆነ፣ የአንድ ቀበሌ እናቶች ይመሳሰላሉ፤ አንድ ጤና ኬላ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ዝናብ ነው የሚያገኛቸው። ስለዚህ 422 ሰው ጠይቀህ የምታገኘው መረጃ ከ422 ያነሰ ነው። አሁን ተመልሰህ ናሙና መጨመር አትችልም። የምትችለው ትንተናውን በቀበሌ መቧደኑን ከግምት አስገብቶ እንደገና መሥራት ነው፤ የእርግጠኝነት ክልልህ ይሰፋል፣ ምናልባት አንድ ሁለት «ተያያዥ ምክንያቶች» ይወድቁ ይሆናል። ይውደቁ። ከዚያ ውስንነቱን በግልጽ ጻፍ። እኔ ገምጋሚ ሆኜ ውስንነቱን ራሱ የነገረኝን ሰው ነው የማምነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ እናቶቹ ያልመጡበትን ምክንያት ሲጠየቁ ምን አሉ?

---

ጀማሪው_መምህር | ጥቅምት 9

ዶክተር፣ የቀኑን ነገር በትክክል ነው የገመትሽው፤ ሦስት ቦታ ላይ እንዲሁ ጽፌዋለሁ። አማካሪዬም እኔም አላየነውም። አፈርኩ።

ለጥያቄሽ፦ ብዙዎቹ «አራስ ነበርኩ» ነው ያሉት። ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ከቤት አይወጣም። እሱን «ሌላ» በሚለው ውስጥ ደምሬ አለፍኩት፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው ብዬ።

---

ከኡፕሳላ | ጥቅምት 9

«ይህ ጥናት አዲስ የሚነግረን ምንድን ነው?» ለሚለው መልሱን እኮ አሁን ጻፍከው!

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያወጣውን ምክር አስታውስ፦ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ከሚሰጠው እንክብካቤ ሌላ ቢያንስ ሦስት ግንኙነት፣ በ48 እና 72 ሰዓት መካከል፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል፣ ከዚያ በስድስተኛው ሳምንት። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና በምትነሳበት አገር እነዚህ ቀጠሮዎች በሙሉ ማለት ይቻላል በአራስ ቤት ውስጥ ነው የሚወድቁት። እናትየዋ ግድ የለሽ ሆና አይደለም፤ ቀጠሮው ነው ከቤት መውጣት በማትችልበት ጊዜ የተያዘላት። ይህንን ሻንጋይ ወይም ሊማ ያለ ገምጋሚ ከየት ያውቀዋል? «ሌላ» ውስጥ የቀበርከውን አውጣና በየሃይማኖቱ ለይተህ ሠንጠረዥ ሥራለት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቷ ድረስ የሄደችላቸው እናቶች ካሉም ለይተህ አሳይ። የውይይት ክፍልህን እንደገና ጻፍ።

በነገራችን ላይ ርዕሱ ላይ «ወሳኝ ምክንያቶች» የምትል ቃል ካለች አውጣት። በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ ዳታ መያያዝን እንጂ መንስኤን አያሳይም። 38ቱ ውስጥ ይህ እንደማይጠፋ እወራረዳለሁ።

---

ጀማሪው_መምህር | ጥቅምት 9

ቁጥር 4 ነው 😅

---

ባለ384 | ጥቅምት 10

የቀን መቁጠሪያው ከተነሳ አይቀር፦ የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ሰርቬይ ዳታ አውርዳችሁ የምትሠሩ ልጆች፣ እዚያ ያሉት ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ነው የተመዘገቡት። ከመቶ ዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ በሚቆጠረው የወር ኮድ ላይ 92 ወር ሳትጨምሩ ዓመተ ምሕረቱን እንደ ፈረንጅ ካነበባችሁት ጥናታችሁ ወደ 2008 ይሸሻል። የ2016ቱን ሰርቬይ የ2008 ያደረገ ሰው አውቃለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ መስታወት ፊት ስቆም ግን አየዋለሁ።

---

ቡና_በጨው | ጥቅምት 10

ሁላችሁም ጻድቅ ሆናችኋል። ልጁ የጠየቀው ስለ ደረጃ እድገት ነው። ኮሚቴው ጽሑፍ ይቆጥራል እንጂ አያነብም። 45 ቀን ከሚያለቅስ 180 ዶላሩን ከፍሎ ረዳት ፕሮፌሰር ቢሆን ማንን ጎዳ? ትልልቆቹስ ንጹሕ ናቸው? ትልቁ አሳታሚ ዋይሊ በ2021 ሂንዳዊ የሚባለውን አሳታሚ በ298 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2023 ብቻ ከሂንዳዊ ጆርናሎች ከ8,000 በላይ ጽሑፎች ተሻሩ። እነሱም ገምጋሚ ነበራቸው፣ ማውጫ ውስጥ ነበሩ፣ ሁሉ ነገር ነበራቸው። ግምገማ የሚባለው ሥርዓት የደከመ በቅሎ ነው፤ እናንተ ደግሞ ጫኑበት ትላላችሁ።

---

ሰኞ_ማታ | ጥቅምት 10

ቡና በጨው፣ ማንን ጎዳ ላልከው እኔ ልንገርህ። እኔን።

ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ ዓይነት ኢሜይል መጣልኝ፤ ስሙን አልጠራም፣ ዛሬም ሌላ ስም ለብሶ ይልካል። በሁለት ቀን «ተቀባይነት አግኝቷል» አሉኝ። የገምጋሚ አስተያየት የሚባለው «ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ሰዋስው ይታይ» የሚል አንድ መስመር ነበር። የቅጂ መብት ፎርም ፈርሜ ላክሁ። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አስጠነቀቀችኝና ልተወው አልኩ። «ማውጣት ከፈለግሽ 250 ዶላር ክፈይ» አሉኝ። አልከፈልኩም። ሳልከፍላቸውም አተሙት! አሁን ያ ጽሑፍ ድረ ገጻቸው ላይ ተሰቅሏል። ሌላ ጆርናል ልኬው የመመሳሰል መመርመሪያው 94 በመቶ ብሎ መለሰው፤ የኮረጅኩት ከራሴ ነው። ኮሚቴው ደግሞ የዚያ ዓመት እውቅና ካላቸው ጆርናሎች ዝርዝር ውስጥ የለም ብሎ አልቆጠረልኝም። የሁለት ዓመት ዳታዬ፣ ከቤት ቤት እየዞርኩ ውሻ የነከሰኝ ዳታ፣ ሞተ ማለት ነው።

---

ጀማሪው_መምህር | ጥቅምት 10

እህቴ፣ አዝናለሁ። የእኔው ግን «ስኮፐስ (የጆርናሎች ማውጫው) ውስጥ አለን» ብለው አርማውን ለጥፈዋል። ኢምፓክት ፋክተርም (ጽሑፎቻቸው ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚለካው ቁጥር) አላቸው፣ 6 ነጥብ ምናምን።

---

የድሮ_አርታኢ | ጥቅምት 11

ልጄ፣ አርማ መለጠፍ ለማን ይከብዳል። ዘጠኝ ዓመት አንድ የአገር ውስጥ ጆርናል አርትዕ አድርጌአለሁ፣ በኋላ የእኛኑ ጆርናል ስም ይዞ ሌላ ድረ ገጽ ተከፍቶ ገንዘብ ሲሰበስብ ያገኘነው ሰዎች «ከፍለናል፣ የታል ጽሑፋችን» ብለው ቢሮ ሲመጡ ነው። ጆርናሉ ስለ ራሱ የሚለውን ተወው። ወደ ስኮፐስ የራሱ የምንጮች ዝርዝር ሂድና በመለያ ቁጥሩ ፈልገው፤ እዚያ ያለው የድረ ገጽ አድራሻ ከተላከልህ ጋር አንድ መሆኑን አመሳክር። ቦርዱ ላይ ከተጻፉት ሰዎች አንዱን በዩኒቨርሲቲው አድራሻ ጠይቀው። ብዙ ጊዜ ስሙ እዚያ መኖሩን ራሱ አያውቅም።

ቡና በጨው ያልከው ስለ ሂንዳዊ እውነት ነው፤ ከዚያም በፊት በ2013 አንድ የሳይንስ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ የተበላሸ የካንሰር መድኃኒት ጥናት ፈብርኮ ለ304 ክፍት (በነጻ ለሚነበቡ) ጆርናሎች ላከ፤ 157ቱ ተቀበሉት፣ 98ቱ ጣሉት። ይህን ስታነብ ግን ሁለቱንም ቁጥር አንብብ። ከጣሉት መካከል ስህተቱን ነቅሰው የጻፉለትም ነበሩ። የሂንዳዊዎቹም ቢሆኑ የተሻሩት ሰው አንብቦ ስለደረሰባቸው ነው።

በገምጋሚ የተናደደ ደግሞ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። በ1936 አንስታይን ከሮዘን ጋር ሆኖ የስበት ሞገድ የለም የሚል ጽሑፍ ለፊዚካል ሪቪው ላከ። አርታኢው ለገምጋሚ አሳየው፣ ገምጋሚው አሥር ገጽ ሂስ ጻፈ። አንስታይን ሳያስፈቅዱኝ ለሰው አሳዩብኝ ብሎ ተቆጥቶ ጽሑፉን አነሳ፣ ሌላ ጆርናል ወሰደው። ከመታተሙ በፊት ግን ስህተቱን ደረሰበትና መደምደሚያውን ገልብጦ አወጣው። ገምጋሚው ሮበርትሰን የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ ትክክልም ነበር። አንስታይን ለዚያ ጆርናል ከዚያ ወዲያ የምርምር ጽሑፍ አልላከም፣ ኩራትም አለ መቼም።

አሁን ወደ ሥራው። አርታኢ የመልስ ደብዳቤ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የሰውየውን ጠባይ ነው። እያንዳንዱን ኮመንት እንዳለ ገልብጥ፣ ከሥሩ መልስህን ጻፍ፣ የተቀየረው ስንተኛ ገጽ ስንተኛ መስመር ላይ እንደሆነ አመልክት፣ አዲሱን ዓረፍተ ነገር እዚያው ጥቀሰው። «ተስተካክሏል» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው ያናድደኝ ነበር፤ ምን ተስተካከለ? የት? በማትስማማበት ቦታ አትስማማ፣ ግን በማስረጃ። «ገምጋሚው አልተረዳም» አትበል፤ «ግልጽ አድርገን አልጻፍነውም ነበር» በልና አብራራ። ያልገባው ያንተ አጻጻፍ ስለሆነ ነው ብለህ ብትነሳ አሥር ጊዜ ዘጠኙ እውነት ነው።

አምስቱን ጽሑፎች አንብባቸው። የሚጠቅምህ ካለ ጥቀስ፣ የቀሩትን ለምን እንደተውክ በጨዋ ቃል ጻፍ፤ ለአርታኢው ደግሞ ለብቻው አጭር ማስታወሻ ላክለት። ገምጋሚ የራሱን ጽሑፍ ሲያሻሽጥ ማወቅ ይፈልጋል። 45 ቀኑ ካልበቃህም ከመዘጋቱ በፊት ጠይቅ፣ ይራዘማል።

---

ቡና_በጨው | ጥቅምት 11

ጋሼ፣ አሥር ገጽ የሚጽፍ ገምጋሚ ዛሬ ከየት ይመጣል? ያለ ክፍያ የሚሠራ እኮ ነው።

---

የድሮ_አርታኢ | ጥቅምት 11

እሱስ እውነትህን ነው። ሁለት ገምጋሚ ለማግኘት አሥራ አምስት ሰው የለመንኩበት ጊዜ አለ። ልጁ አምስት ወር የጠበቀው ምናልባት በዚህ ነው። ታዲያ 38 ኮመንት በነጻ የጻፈለትን ሰው ትቶ ወዴት ነው የሚሄደው?

---

ሰኞ_ማታ | ጥቅምት 12

ስለ ገንዘብ ማንም አላነሳም። ጀማሪው፣ አሁን ያለህበት ጆርናል ክፍያው ስንት ነው?

---

ጀማሪው_መምህር | ጥቅምት 12

ከ2,000 ዶላር በላይ ይላል። የስልክ ቁጥር ነው ብዬ አለፍኩት 😂 ክፈል ቢሉኝ የሚከፍለው አጎቴ ነው፣ ሲያትል ያለው፣ እሱም ገና አልሰማም።

---

ከኡፕሳላ | ጥቅምት 12

አጎትህን ተወው። ጆርናሉ ሙሉ በሙሉ ክፍት ከሆነና አሳታሚው ከትልልቆቹ ከሆነ፣ ከዝቅተኛ ገቢ አገር ለሚልክ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው ይነሳለታል፤ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ አለች። ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። ከፊሉ ክፍት ከፊሉ በምዝገባ የሚነበብ ጆርናል ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ እዚያ ክፍት አድርጉልኝ ካላልክ ግን መታተሙ በነጻ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ሲላክ ነው፤ ጽሑፉ ካለፈ በኋላ የጠየቁ ልጆች እንቢ ተብለዋል። ጠይቀህ ነበር?

---

ጀማሪው_መምህር | ጥቅምት 12

ፎርሙ ላይ አገር ስመርጥ አንድ ሳጥን ነበረች፣ ምልክት አደረግሁ መሰለኝ። ነገ አረጋግጣለሁ። መብራት ከመጣ።

---

የብራና_ልጅ | ጥቅምት 13

እኔ የግዕዝ ብራና ነው የማጠናው፣ የእናንተ 422 አይገባኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ ስምህን ከአሁኑ ወስን። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የፈረንጅ ሥርዓት ግን የአባትህን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ ያንተን በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል። የዓለም ከበደዎች በሙሉ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ እኔ ደግሞ አንዴ በአባቴ፣ አንዴ በአያቴ ስም ስለላክሁ ማውጫው ላይ ሁለት ሰው ሆኛለሁ። በእኛ መስክ ይሻላል፤ ሐምቡርግ የሚታተመው ኤቲዮፒካ የተባለው ጆርናል የኢትዮጵያዊን ስም ሳይገለብጥ ነው የሚያስገባው። በሕክምናው ግን አይምሩህም። ኦርኪድ የሚባለውን መለያ ቁጥር አውጣ፣ ነጻ ነው፤ የአጻጻፍ ፊደልህንም አንዴ መርጠህ አትቀይር።

---

ባለ384 | ጥቅምት 13

የመምሪያ ኃላፊውስ ስም? እሱም ከደራሲዎቹ ጋር ይገባ የለ? 👀

---

የድሮ_አርታኢ | ጥቅምት 13

ጥናቱን አቅዶ ወይም ዳታውን ተንትኖ፣ ጽሑፉን ጽፎ ወይም አርሞ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አጽድቆ፣ ለሥራው ተጠያቂ እሆናለሁ ያለ ይገባል። አራቱም አንድ ላይ። ቢሮ የፈቀደ ምስጋና ክፍል ውስጥ ይመሰገናል። ኃላፊውን ማን ይነግረዋል ለሚለው መልስ የለኝም፤ እኔም በዘመኔ ሁለት ጊዜ ዝም ብያለሁ።

---

ጀማሪው_መምህር | ኅዳር 20

ተመልሼ መጣሁ። ትናንት ላክሁት። የመልስ ደብዳቤው 19 ገጽ ሆነ፣ ከጽሑፉ ይበልጣል። በቀበሌ መቧደኑን አስገብቼ ስተነትን ከአምስቱ ተያያዥ ምክንያቶች ሁለቱ ወደቁ፤ አንዱ ቲሲሴን ስከላከል ያጨበጨቡልኝ ነበር። አራስ ቤትን ለብቻው ሠንጠረዥ 3 አደረግሁት። የዕድገቱ ቀን አይደርስልኝም፣ ለሚቀጥለው ዙር ነው። የ180 ዶላሮቹ ሰዎች አሁንም ይጽፋሉ፤ ትናንት «ዝምታዎ አሳስቦናል ፕሮፌሰር» አሉኝ።

---

ጀማሪው_መምህር | ጥር 16

ተቀባይነት አገኘ!!! ሁለተኛው ገምጋሚ በሁለተኛው ዙር የጻፈው ሦስት መስመር ነው፦ ሠንጠረዥ 3 የጽሑፉ ልብ ነው፣ ወደ ማጠቃለያውም ይግባ። ክፍያው ተነስቶልኛል፣ ሳጥኗን ምልክት አድርጌ ነበር።

---

ሰኞ_ማታ | ጥር 16

እልልልል! 

---

ጀማሪው_መምህር | ጥር 24

ፕሩፍ (ከመታተሙ በፊት የሚታረመው የመጨረሻው ቅጂ) ዛሬ መጣ፣ በ48 ሰዓት አርመህ መልስ ይላል። የብራና ልጅ፣ ገልብጠውኛል! አባቴ አንደኛ ደራሲ ሆኗል፣ እኔ አንድ ፊደል ነኝ። ኦርኪዱ ላይ በትክክል ነው ያለው፤ እንዴት ብዬ ልጻፍላቸው?

---

የብራና_ልጅ | ጥር 24

«የመጀመሪያው የእኔ ስም ነው፣ ሁለተኛው የአባቴ፤ ሁለቱም ሳያጥሩ ይታተሙ» በላቸው። አንዳንዱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ማሽኑ አይፈቅድም ይላል። ይልቅ በዚያው ሠንጠረዥ 3 ላይ ቀኖቹን እይ፣ «ማርች 2014» ተመልሳ እንዳትገባ።

---

ጀማሪው_መምህር | ጥር 24

...ገብታለች። ከሥሩ ባለው ማስታወሻ ላይ። ይቺን ከድሮው ፋይል ነው የገለበጥኳት። መብራት ሳይሄድ ልላከው።